ሥዕሉን የማይልከው ባለፊልም

ለምወድህና ሰሞኑን ደግሞ ለምጠረጥርህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ያ ሳልህ ተወህ ወይስ አሁንም ስልክ ስታወራ አፍህን ዞር አድርገህ ነው የምትስለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የላትም። እኔም ደህና ነኝ። ማለቴ አካሌን ከጠየቅኸኝ ደህና ነኝ፤ ልቤን ከጠየቅኸኝ ግን ወር አልፎኛል፣ እንደ ሌባ ዓይን ከወዲያ ወዲህ እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ብጀምርህ እንደ ልማድህ «ቆይ እስቲ እማዬን አቅርቢልኝ» ብለህ ታመልጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። መሀል ላይ ሳቅህ ቢመጣ ዋጠው፤ ቁጣህም ቢመጣ እንደዚያው።

የጓሮዋን ክፍል ብታያት አታውቃትም። አንተ ስትተኛባት አልጋና የጫማ ሽታ ብቻ ነበረባት፤ አሁን ግድግዳው በሙሉ አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሷል፣ በሩ ላይ ያ ጎኑ የተቀደደ ፍራሽህ ቆሟል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ኪቦርዱና ሁለቱ ስፒከሮች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ሥራ የለም፤ ጎረቤታችን አናጢው መጋዙን ሲያስነሳም ሥራ የለም። በቀረው ጊዜ የፊልም ሙዚቃ እሠራለሁ። ዘፋኝ የለበትም፣ ቃል የለበትም፤ ከፊልሙ ሥዕል ሥር ሥር የሚሄድ ነው። ቼሎውን፣ ቫዮሊኑን፣ ክላርኔቱን አንድ በአንድ እደረድርና ከዚያ ሚክስ አደርገዋለሁ፤ አንዱ አንዱን እንዳይጋፋው፣ ይሄ ወደፊት ያ ወደኋላ እያልኩ ቦታ ቦታቸውን አስይዛቸዋለሁ ማለት ነው። እማዬ ሁሌ በሩ ላይ ትቆምና ጥቂት ታዳምጣለች፤ ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ትለኛለች።

ሰው እንደማላምን ታውቃለህ። ያ የማስታወቂያ ሠሪ ለናሙና የላክሁለትን ዜማ «አልወደድነውም» ብሎ መልሶልኝ፣ በዓመቱ የቀለም ማስታወቂያ ላይ ቁጭ ብሎ ካገኘሁት ወዲህ ጥላዬንም አላምንም። ለዚህ ነው አንድ ዘዴ ያመጣሁት። ናሙና በላክሁ ቁጥር በየመሀሉ የእማዬን ድምፅ አስገባበታለሁ፤ «ይህ ናሙና ነው» ትላለች። የቀረጽናት ቀን እንደ ፎቶ ተነሺ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሎሽን ተቀብታ ነው የመጣችው። ማይኩ ፊት ስትቆም ደግሞ ድምጿ ልክ እኛን ከጨዋታ ስትጠራን እንደነበረው ሆነ። ሰርቆ የሚወስደው ካለ እንግዲህ እናቴን ጭምር ይውሰድ አልኩ።

ባለፊልሙ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ስሙን ስላልነገረኝ ባለፊልሙ እለዋለሁ። ሥራዎቼን በምሰቅልበት ገጽ በኩል ጻፈልኝ። ገጹ «የጓዳ ድምፅ» ነው የሚለው፤ ሴት ልሁን ወንድ፣ ወጣት ልሁን ሽማግሌ አይናገርም። አጭር ፊልም እየሠራ መሆኑን ነግሮኝ ሙዚቃ እንድሠራለት በትሕትና፣ በአንቱታ ጠየቀኝ። ክፍያውን በሽቦ በኩል እንደሚልክም ጻፈ። ሽቦን አልረሳኸውም መቼም፤ ያ ከአንተ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረው፣ አሁን ማይክና የድምፅ ዕቃ የሚሸጠው ቀጭኑ። ደስ አለኝ፤ ትልቅ ሥራ አገኘሁ ብዬ ቤቱን አዳረስኩት። ነገር ግን ሥዕሉን ላክልኝ ስለው «ገና ተቆርጦ አልተቀጣጠለም» አለኝ። ሥዕሉን ሳላይ እንዴት ነው የምሠራው ስለው ትዕይንቱን በቃል ጻፈልኝ፦ «አንድ ሰው ነጭ ጨርቅ ያጥፋል። እጆቹ ብቻ ይታያሉ። ሙዚቃው እጆቹን አይቅደማቸው።»

ጋሼ፣ አረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ይበልጥ ጠረጠርኩ። ሥዕል የሌለው ፊልም ምን ዓይነት ፊልም ነው? ሙዚቃዬን ሰብስቦ በስሙ ሊሸጠው ነው አልኩ።

ቢሆንም ሠራሁለት። ዝቅ ያለ ቼሎ፣ ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ክላርኔት። «ይሄ አለቀሰ» ብሎ መለሰው። ልቅሶውን ቀንሼ ከበሮ ጨመርኩበት፤ «አሁን ደግሞ ፎከረ» ብሎ መለሰው። ሦስተኛውንም ሲመልሰው ቆሽቴ አረረ። «ሰውየው አያሳዝንም፣ አይፎክርምም። ይሠራል፤ በቃ» ብሎ ጻፈልኝ። አራተኛው ላይ ክላርኔቱን ብቻዬን ተናድጄ ስነካካው መጣልኝ፤ የሚሠራ ሰው እስትንፋስ የመሰለ፣ አጠር አጠር ያለ ዜማ። እሱን ወደደው። እኔም እውነቱን ለመናገር ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ከዚያ ነገሮች አልጥም አሉኝ። ያለቀለትን ሥራ የእማዬን ድምፅ አውጥቼ ንጹሑን ስልክለት ምን አለኝ መሰለህ? «የእናትየዋን ድምፅ ለምን አወጡት? ከተቻለ ከነድምፃቸው ይላኩልኝ።» እስቲ አስበው! ሰው ሁሉ ያ ድምፅ ይውጣልኝ ብሎ ይለምናል፤ እሱ ይግባልኝ ይላል። ደግሞስ እናት መሆኗን ማን ነገረው? አክስት ትሁን፣ ጎረቤት ትሁን፣ ተከፍሏት የመጣች ትሁን በምን አወቀ? ለእማዬ አንድ የፊልም ሰው ድምፅሽን ወደደው ስላት ሰሞኑን ሁሉ ሳህን ስታጥብ ሳይቀር «ይህ ናሙና ነው» እያለች ነው የሰነበተችው። እኔ ግን ልቤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኛም።

ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። ስለ ሚክሱ ስንጻጻፍ፣ እስከዚያ ድረስ «ይቀንሱት፣ ይጨምሩት» እያለ ሲያከብረኝ የነበረ ሰው በድንገት «ክላርኔቱን ትንሽ ወደኋላ አድርጊው» አለኝ። አድርጊው! ሴትነቴ በየት በኩል ታየው? ወዲያው «ይቅርታ፣ ያድርጉት» ብሎ ሌላ መልእክት ላከ። ይቅርታው ነገሩን አባሰው እንጂ አላዳነውም።

ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላስር ሽቦ ሱቅ ሄድኩ። ሽቦ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ባለፊልሙ ማነው አልኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። አንተ ነህ ሴት መሆኔን የነገርከው? ስለው «እኔ ምንም የማውቀው ነገር የለም፤ የማውቀውም ቢሆን አልናገርም» አለኝ፤ ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማና አንገቱን ደፋ። ሲጠቀልለው የነበረው ገመድ ሁሉ ተተበተበበት። አብሬው ቁጭ ብዬ ፈታሁለት፤ በየቋጠሮው አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ላቡን ይጠርጋል። ምንም ሳይወጣው ገመዱ አለቀ። ወደ ቤት ስመለስ ሽቦና ያ የማስታወቂያ ሠሪ ተማክረው ነው የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሥራውን አቆማለሁ ብዬ ቆርጬ ሳለሁ ባለፊልሙ አንድ ድምፅ ላከልኝ። «የክፍሉ ድምፅ ነው፤ ከሙዚቃው ሥር ያስገቡልኝ» አለ። ከፈትኩት። ዝቅ ብሎ የሚያጉረመርም ነገር ነው፤ ዙሪያውን ይዞርና በየተወሰነው ጊዜ ዱብ ይላል፣ እንደገና ይዞራል። ሥራ ሥራ ነውና ያዝኩት። ጩኸቱን ቀነስኩለት፣ ወፍራሙን አስተካከልኩለት፣ ቼሎውን በእሱ ድምፅ ልክ ቃኘሁት። ሁለቱ ሲገጥሙ ክፍሏ ሁሉ እንደሚተነፍስ ደረት ሆነች። ረፋዱን በሙሉ ያንን ስሰማ፣ ስቆርጥ፣ ስቀጥል ዋልኩ። በስፒከር ነበር የከፈትኩት።

እማዬ ሻይ ይዛልኝ ገባች። በሩ ላይ ቆም አለች። ከዚያ እንደ ዋዛ ምን አለችኝ መሰለህ፦ «ወንድምሽ ነው? ስጪኝ፣ ላናግረው።»

ጋሼ፣ ድምፁን አቆምኩት። እኔ ያን ድምፅ ረፋዱን ሁሉ ሳገላብጠው ስለ ድምፅነቱ ብቻ ነበር የማስበው። እሷ ገና በሩ ላይ ሆና የማን ጀርባ እንደሆነ አወቀችው። በየሳምንቱ ስትደውልልን ከኋላህ ያለው ነው። አንድ ጊዜ ምንድነው ብዬህ «የሆቴሉ ሂሳብ ክፍል ቢሮ ማቀዝቀዣ ነው» ብለኸኝ ነበር። ማቀዝቀዣ ዱብ አይልም፣ ጋሼ። ያኔም ገርሞኝ ነበር፤ ግን ሰው ከወንድሙ ጋር ሲያወራ ወንድሙን ነው እንጂ የኋላውን አይሰማም። እማዬ ለካ ሁለቱንም ስትሰማ ኖራለች።

ወንድሜ አይደለም፣ የባለፊልሙ ድምፅ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ሻዩን አስቀመጠችና አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ይህን ነገር ሁልጊዜ ከኋላው እሰማዋለሁ» አለችኝ። «ጠዋት ቢደውል አለ፣ ማታ ቢደውል አለ። ቢሮ ማታ ይሠራል እንዴ? አንድ ቀን እንኳ መኪና ሲያልፍ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ልጄን አስረውብኝ ነው፤ እኔ እንዳላዝን ነው ቢሮ ነኝ የሚለኝ።»

ይህንን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ብዙ ጊዜ ለራሷ የነገረችው ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። ስትደውልላት በልተሃል ወይ ብላ ደጋግማ የምትጠይቅህ ለዚህ ነው። መቼ ነው የምትመጣው ብላ የማትጠይቅህም ለዚህ ነው፤ የማትችለውን ጠይቃ እንዳታሳፍርህ ነው። እስር ቤት አይደለም፣ በአባዬ አጥንት እምላለሁ አልኳት። «አንቺ በምን አወቅሽ?» ብላ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔንም ትጠረጥረኛለች። በሩን ስዘጋ ኮቴዋ ከውጭ ይቆማል፤ ስከፍት ልብስ የምታሰጣ ትመስላለች፣ እጇ ላይ ግን ልብስ የለም። እኔ ሽቦን እሰልላለሁ፣ እማዬ እኔን ትሰልላለች፣ ሽቦ ደግሞ እኔን ሲያይ መንገድ ያቋርጣል። በዚህ ሰፈር እርስ በርሱ የሚተማመነው አናጢውና መጋዙ ብቻ ናቸው።

ለባለፊልሙ አጭር መልእክት ጻፍኩ። ሥዕሉን ካላየሁ ከእንግዲህ አንድ ድምፅ አልልክም አልኩት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው የመጨረሻውን ትዕይንት ከነሥዕሉ ላከልኝ፦ «እዚህ ላይ ትልቅ ሙዚቃ እፈልጋለሁ፤ ቫዮሊኖቹ ሁሉ ይምጡ።» በሩን ዘጋሁ፣ ስፒከሩን አጠፋሁ፣ ሄድፎኑን አጠለቅሁ።

ምድር ቤት ነው። እንደ በርሜል የሚዞሩ ትልልቅ ማሽኖች፣ እንፋሎት፣ ከጣራ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነጭ አንሶላ። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው። አንድ አጭር ሰውዬ አንሶላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎለት የሌላውን ሰውዬ ፀጉር ይቆርጣል፤ የሚቆረጠው አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ከዚያ ያ ሰውዬ ተነሥቶ ጋሪዎቹ የሚወጡበት በር ጋ ይቆማል፤ ጀርባው ነው የሚታየው። ስልክ ጆሮው ላይ አለ። «አዎ እማዬ፣ ቢሮ ነኝ» ይላል። «አዎ፣ በልቻለሁ።» ስልኩ ይዘጋል። ሰውየው ዞሮ አያይም። ቆሞ ይቀራል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ሥዕሉ ያልቃል።

ድምፅህን ከመስማቴ በፊት ጀርባህን አውቄው ነበር። ግራ ትከሻህ እንደ ድሮው ዝቅ ብሏል።

መጀመሪያ ደሜ ነው የፈላው። ልብስ በማጠብህ አይደለም፤ በዚህ የምናፍርብህ ከመሰለህ እኔንና እማዬን ረስተኸናል ማለት ነው። ለእኛ የሂሳብ ክፍል ነኝ እያልክ እውነቱን ለካሜራ መንገርህ ነው ያናደደኝ። እኔ ደግሞ ባለፊልሙ ወንድሜ መሆኑን ሳላውቅ በአንቱታ እየተጻጻፍኩ ዜማ ስሠራለት መክረሜ። ቀጥሎ የመጣው ንዴት የባሰ ነበር፦ አዝኖልኝ ነው ሥራ የሰጠኝ አልኩ። ከአንተ እርዳታ አልቀበልም ስላልኩህ በጓሮ በር ገባህ አልኩ። ቁጭ ብዬ ስሰላው ግን አልሰላ አለኝ። የሚያዝን ሰው ሦስት ጊዜ አይመልስም። የሚያዝን ሰው «አለቀሰ፣ ፎከረ» እያለ ቆሽት አያሳርርም። እንዲያም ሆኖ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ በግልጽ እጠይቅሃለሁ፣ ሳትሸፋፍን መልስልኝ፦ ሙዚቃዬን ወደኸው ነው ወይስ እኔን?

ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ስልኩን በያዘው እጅህ ላይ ፋሻ አይቻለሁ። ሥዕሉን አቁሜ፣ አስጠግቼ አይቼዋለሁ፤ ከአውራ ጣትህ እስከ አንጓህ ነው። እንፋሎት ነው ያቃጠለህ? ሐኪም አይቶታል? «ትንሽ ነገር ነው» እንዳትለኝ። ትንሽ ነገር እንዲህ ተደርጎ አይታሰርም።

ፊልሙ ሰው ፊት ሳይቀርብ እማዬ ከራስህ አፍ ትስማው። እኔ አልነግራትም፤ ግን ለብዙ ጊዜም ልዋሻት አልችልም፣ ፊቴ ያጋልጠኛል። ስትደውልላት ጸጥ ያለ ቦታ አትፈልግ። ማሽኑ አጠገብ ቁም። የምትሰሚው ይሄ ነው፣ ልብስ የሚያጥብ ማሽን ነው፣ ማታ ተረኛ ስሆን ማታም ይሠራል፣ ሲያልቅ ወጥቼ እሄዳለሁ በላት። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። አንተ የሸሸግኸው ግን እሷ ስታስበው ከኖረችው እጅግ ይቀላል።

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ፤ ባለፊልሙን ነው የማናግረው። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ያዘዝከውን ቫዮሊን ሁሉ አምጥቼ ነበር። ሦስት ቀን ሠራሁት። በጣም ያምር ነበር፤ ያስፈራኝም ማማሩ ነው። ቫዮሊኖቹ ስለ አንተ ያለቅሱ ነበር፣ አንተ ግን በሥዕሉ ላይ አታለቅስም። አወጣኋቸው። ቼሎው ብቻውን ቀረ፤ እሱም የሚያባብል መሰለኝ፣ አወጣሁት። ክላርኔቱም ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ የቀረው የማሽኑ ድምፅና የአንተ «በልቻለሁ» ብቻ ነው። ልቤ ያመነው እሱን ነው። እዚያ ላይ ከእኔ ሙዚቃ የለም። ዝምታውን ሚክስ አድርጌ ልኬልሃለሁ፤ ብትፈልግ ሦስት ጊዜ መልሰው፣ እኔም ሦስት ጊዜ ያንኑ እልክልሃለሁ።

ያን አጭሩን ፀጉር ቆራጭ ወዳጅህን ሰላም በልልኝ፤ ከጆሮህ በላይ ያለውን አበላልጦብሃል፣ ግን እጁ ደግ እጅ ነው። ካሜራውን የያዘልህንም ማንም ይሁን ሰላም በለው፤ ሲይዝ አልተንቀጠቀጠም። ሽቦ ሰላም ብሎሃል አልልህም፣ ምክንያቱም አንተን እንደማያውቅህ ነው የሚሆነው፤ ከእንግዲህ ግን ገመዱን በሰላም እንዲጠቀልል ንገረው። አናጢው ሁልጊዜ እንደሚጠይቅህ ይጠይቅሃል። እማዬ ይኸው በሩ ላይ ቆማ ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፤ ለወንድሜ አልኳት። ሰላምታዋን በየተራ ነገረችኝ፦ ለልጄ ይብላ፣ ይተኛ፣ እጁን ከብርድ ይጠብቅ በይልኝ፤ ለዚያ ለባለፊልሙም ስትጽፊ ድምፄን ስለወደደው አመስግኚልኝ ብላለች። ሁለቱንም ተቀበል።

ፖስታው ላይ እስከ ዛሬ «ለሂሳብ ክፍል» እያልኩ ነበር የምጽፈው። ደብዳቤዎቼ ለምን እየዘገዩ እንደሚደርሱህ አሁን ገባኝ። ይሄኛው «ለልብስ ማጠቢያ ክፍል» ይላል።

እህትህ
ከቤታችን፣ ከጓሮዋ ክፍል
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን